የእስረኛ ጠባቂ ምን ይማር?

የእኅቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ በማረሚያ ቤት ጠባቂነት ለመሠልጠን ተመዘገበ። ወሬው በዘመድ ዘንድ በተሰማ ጊዜ እንኳን ደስ ያለህ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። እናቱም ማታ ወደ ቤቴ መጥታ፥ ከተቀመጠች በኋላ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ፥ «ወንድሜ፥ ልጄ በሰው እንባ እንጀራ ሊበላ ነውና እባክህ ምከረው» አለችኝ። በማግስቱ ደግሞ ልጁ መጣና፥ «ጋሼ፥ ይህ ሥራ ኃጢአት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ጊዜ ለሁለቱም የሰጠሁት መልስ የሚረባ አልነበረም። ለእናቱ «ሥራ ሥራ ነው» አልኋት፤ ለልጁም «አንተ ብቻ ቅን ሁን» አልሁት። እንዲህ ያለው ምክር ለሰጪው ቀላል ነው፤ ለተቀባዩ ግን ለመንገድ ስንቅ አይሆነውም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቻለሁ፤ ያን ቀን ልነግረው ይገባኝ የነበረውንም አሁን እጽፈዋለሁ።

እናቱ የፈራችው ነገር ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሕዝባችን ስለ እስር ቤት ያለው ትዝታ መራራ ነው። ወኅኒ የምንለው ቃል ራሱ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ለዙፋኑ ያሰጋሉ የተባሉ መሳፍንት ይጋዙበት ከነበረው ከወኅኒ አምባ የመጣ ነው ይባላል፤ ከርቸሌ የምንለውንም ከጣልያኖች ወስደነዋል። በአዲስ አበባ የነበረውን እስር ቤት ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ብሎ ሲጠራው ኖሯል፤ ከስሙ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ቢኖር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል የቀድሞው መንግሥት ባለ ሥልጣኖችና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ በዚያው ግቢ መረሸናቸውን ያስታውስ። ዛሬ ግንቡ ፈርሷል፤ በቦታውም በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሞበታል። የእስር ቤቱም መጠሪያ ተለውጦ ማረሚያ ቤት ተብሏል። ማረም ደግሞ የገበሬ ቃል ነው። ገበሬ ጤፉን ሲያርም ጎንበስ ብሎ፥ ሣሩን ከቡቃያው በዐይኑ ለይቶ፥ በጣቱ ነው የሚነቅለው። ቸኩሎ በማጭድ የሚገባበት ሰው አጨደ እንጂ አረመ አይባልም። ይህን የመሰለ ስም በበሩ ላይ መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጎንበስ ብሎ የሚያርመውን ሰው ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰዎች የእስረኛ ጠባቂ ሲፈጥረው ልቡ የደነደነ ነው ብለው ያምናሉ። ከዚህ ጥቂት የተሻሉት ደግሞ፥ ሰውዬው ደግ እንኳ ቢሆን በእጁ የገባው ቁልፍ ያከፋዋል ይላሉ። ይህ ሁለተኛው አስተሳሰብ የሊቃውንትም ድጋፍ ያገኘ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1971 በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ ዚምባርዶ የተባሉ የሥነ ልቡና መምህር ጤናማ የሆኑ ወጣት ተማሪዎችን መርጠው፥ ገሚሱን እስረኛ፥ ገሚሱን ጠባቂ አድርገው፥ በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ እስር ቤት አቋቋሙ። ማን እስረኛ፥ ማን ጠባቂ እንደሚሆን የተወሰነው በዕጣ ነበር። ነገሩ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ታስቦ፥ ጠባቂዎቹ እስረኞቹን እጅግ ስላዋረዱአቸው በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር መጻሕፍት ሥልጣን ደጉን ሰው በስድስት ቀን አውሬ ያደርገዋል ተብሎ ሲጠቀስ ኖረ።

ነገር ግን ቲቦ ለ ቴክሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ የዚያን ሥራ መዝገብና የድምፅ ቅጂ መርምሮ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ባሳተመ ጊዜ ሌላ ነገር ተገለጠ። ለጠባቂዎቹ ከመጀመሪያው ምን እንደሚጠበቅባቸው ተነግሯቸው ኖሯል። እስረኞቹን የማስጨነቂያው ዘዴም ከራሳቸው ብቻ የመነጨ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ ለስለስ ባለ ጊዜ የእስር ቤቱ ኀላፊ የተባለው ለይቶ አነጋግሮ፥ ጠንከር እንዲል መክሮታል። እንግዲህ ቁልፉ ብቻውን አላከፋቸውም፤ አስተማሪ ነበራቸው። ይህ ተማሪዎቹን ከጥፋታቸው ነጻ አያወጣቸውም፤ የተነገራቸውን ሁሉ ያላደረጉም ነበሩና። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ጭካኔም እንደ ማናቸውም ሙያ በትምህርት የሚተላለፍ መሆኑን ማሳየቱ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ብዙ አልተደነቅሁም፤ በልጅነቴ አይቼው ነበርና። በአዳሪ ተማሪ ቤት ሳለሁ፥ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆን፥ የመኝታ ቤት አለቃ አድርገው ሾሙኝ። ሥራዬ ማታ በሦስት ሰዓት በሩን መቆለፍ፥ ጠዋት ደወል መደወል፥ የቀረውንም ልጅ በመዝገብ መጻፍ ነበር። ስለ ሥራው ያስረዳኝ መምህር አልነበረም። ያስተማረኝ ከኔ በፊት አለቃ የነበረው ልጅ ነው፤ ትምህርቱም ባጭሩ፥ «በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ቅጣ፤ የቀሩት ይገቡልሃል» የሚል ነበር። እኔም የሚቀጣ አንድ ልጅ እጠባበቅ ጀመር። በሦስተኛው ሌሊት በሩ ከተዘጋ በኋላ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ መጥቶ አንኳኳ። ስሙን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። የዘገየበትን ምክንያት ግን አልጠየቅሁትም። ዝናብ ይዘንብ ነበር። እርሱ በረንዳው ላይ፥ እኔ አልጋዬ ላይ ሆነን ሌሊቱ ነጋ። ጠዋት በሩን ስከፍት፥ ደብተሮቹ እንዳይረጥቡ በኮቱ ጠቅልሎ፥ ራሱ በሸሚዝ ብቻ ተኰራምቶ አገኘሁት። የዘገየውም መምህሩ ወንበር እንዲያነሣ አስቀርተውት ኖሯል።

እውነቱን ብናገር በዚያ ሌሊት የተሰማኝ ጭካኔ አይደለም፤ ጭካኔ ቢሆንማ ባወቅሁት ነበር። የተሰማኝ ሥራዬን ደኅና አድርጌ የሠራሁ መሆኔ ነው። ደግሞም ትምህርቱ ሠርቷል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ ሁሉ በሰዓቱ ይገቡ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ቁልፉን ለሚተካኝ ልጅ ሳስረክብ፥ «በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ቅጣ» አልሁት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

ስለዚህ ያልሠለጠነ ጠባቂ የሚባል ሰው በዓለም የለም ለማለት እደፍራለሁ። ትምህርት ቤት ካላሠለጠነው ኮሪደሩ ያሠለጥነዋል። አዲሱ ጠባቂ ከማሠልጠኛው ወጥቶ በገባበት በመጀመሪያው ቀን አንድ ነባር ባልደረባ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፥ «እዚያ የተማርኸውን እርሳው፤ እዚህ ያለው ሌላ ነው» ይለዋል። ወጣቱ ሊዘጋጅለት የሚገባው ለዚህች ቀን ነው። የሁለቱ ትምህርቶች ፉክክር በእውነት እኩል አይደለም፤ ማሠልጠኛው ያለው ጥቂት ወራት ነው፥ ኮሪደሩ ግን የሰውዬው ዕድሜ ልክ አለው።

ይህን በመገንዘብ ይመስለኛል የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቫ የወጣውን የእስረኞች አያያዝ ደንብ በ2015 አሻሽሎ በኔልሰን ማንዴላ ስም በሰየመው ጊዜ፥ ጠባቂ ሥራውን ሳይጀምር እንዲሠለጥን፥ በቃልም በተግባርም እንዲፈተን፥ ከዚያ በኋላም ትምህርቱ በሥራ ላይ ሳለ እንዳይቋረጥ የደነገገው። ኖርዌዮች ለዚህ ሁለት ዓመት ሰጥተውታል፤ ጠባቂ የሚሆኑት ወጣቶች ሊለስትሮም በሚባል ከተማ ባለው ትምህርት ቤት ደመወዝ እየተከፈላቸው ሕግን፥ ሥነ ምግባርንና ሥነ ልቡናን ይማራሉ፤ ከትምህርቱም ብዙው ክፍል በእስር ቤት ውስጥ በተግባር የሚፈጸም ነው። እያንዳንዱ እስረኛም ጉዳዩን የሚያውቅለትና የሚከታተልለት አንድ ጠባቂ ይመደብለታል። ኖርዌይ ባለጠጋ አገር ናት፥ ሕዝቧም ጥቂት ነው፤ እኛ ከእርሷ ሕንጻውን ልንቀዳ አንችልም። ደግሞም እዚያ ሁሉ ነገር የሰመረ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ የምክር ቤት እንባ ጠባቂ እስረኞች ለብዙ ሰዓት ብቻቸውን ተዘግቶባቸው እንደሚውሉ ገልጾ መንግሥቱን ነቅፏል። ልንወስደው የምንችለው ግን እስረኛን መጠበቅ ጉልበት ላለው ሰው ሁሉ የሚሰጥ ተራ ሥራ አለመሆኑን ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። አባቶቻችን ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ከሳሽና ተከሳሽ ወይም ባለ ዕዳና አበዳሪ ነገራቸው እስኪያልቅ ድረስ በሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ሰንሰለት በጠፋ ጊዜም በነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ይተሳሰራሉ። አብረው ይሄዳሉ፥ አብረው ይበላሉ፥ አብረው ያድራሉ። አንዱ ሲታመም ሁለተኛው አይራመድም። ይህን ሥርዓት መልሱ አልልም፤ መከራ ያለበት ነበር። ነገር ግን የዛሬው ጠባቂ የሚረሳውን አንድ ነገር ያሳያል፤ ይኸውም አሳሪ ራሱም የታሰረ መሆኑ ነው። የሃያ ዓመት ፍርደኛ የሚጠብቅ ሰው ከዕድሜው ብዙውን ክፍል በዚያው ግንብ ውስጥ ይጨርሳል፤ ልዩነቱ ማታ ማታ መውጣቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ የዋለ አንደበት ከደጅ ሲደርስ ወዲያው ይለዝባል ብሎ የሚያስብ ካለ ሚስቱንና ልጆቹን ይጠይቅ። እናቱ «በሰው እንባ እንጀራ ሊበላ ነው» ስትል ለእስረኛው ብቻ የፈራች መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለልጇ መፍራቷ እንደ ሆነ ተረዳሁ።

እንግዲህ ምን ይማር? ከሁሉ አስቀድሞ ፍርዱ በችሎት ያለቀ መሆኑን ይወቅ። ዳኛው አምስት ዓመት ብሎ ከፈረደ ቅጣቱ ነጻነትን ለአምስት ዓመት ማጣት ነው፤ አምስት ዓመትና ስድብ፥ አምስት ዓመትና ጥፊ አላለም። ጠባቂው ከዚህ በላይ አንዲት ነገር ቢጨምር ያልተሾመ ዳኛ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችንም በሃያ አንደኛው አንቀጽ የተያዙና የተፈረደባቸው ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ፥ ከቤተሰባቸው፥ ከሃይማኖት አማካሪያቸው፥ ከሐኪማቸውና ከጠበቃቸው ጋር እንዲገናኙ ያዝዛል። ቃሉን በቃል መያዝ ቀላል ነው፤ ቃሉ የሚፈተነው ግን በበሩ ላይ ነው። በአገራችን እናት ወይም ሚስት ለእስረኛዋ ስንቅ ይዛ ትመጣለች። ጠባቂው ምግቡን መፈተሽ ግዴታው ነው፤ በእንጀራ ውስጥ ምላጭ ሊገባ ይችላልና። ዳሩ ግን አንዱ ሴትዮዋን ራሷን አስከፍቶ፥ አስቀምሶ፥ አመስግኖ ይመልስላታል፤ ሌላው የሁሉንም ወጥ በአንድ እንጨት እያማሰለ ያልፋል። በደንቡ መጽሐፍ ሁለቱም «ፈተሸ» ተብለው ይጻፋሉ። ሁለተኛው ያደረገውን እርሱ ራሱ ማታ ረስቶታል፤ ሴትዮዋ ግን ቤቷ እስክትደርስ ስታለቅስ ትሄዳለች።

የጠባቂው ብዕርም ከዱላው የማያንስ መሆኑን ይማር። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ለተወሰነ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ፥ ጠባዩ መልካም መሆኑ ከተመሰከረለትና በሕጉ የተጻፉትን ሌሎቹን ነገሮች ካሟላ፥ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ጠባዩን የሚመሰክርለት ማን ነው? ዘወትር የሚያየው ጠባቂ የሚጽፈው ነገር ከፍ ወዳለው ወንበር ይደርሳል። አሥራ ሁለት ዓመት በተፈረደበት ሰው ላይ በንዴት የተጻፈች አንዲት መሥመር አራት ዓመት ልታስከፍለው ትችላለች። ጉቦውም የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በሌላ ቦታ ያስቃል፥ እዚህ ግን አያስቅም።

አንዳንዱ አንባቢ፥ «ስለ እስረኛው ይህን ያህል ስትጨነቅ ልጇ የተገደለባትን እናት ረሳሃት» ሊለኝ ይችላል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በቀላሉ አልመልሰውም። የተበደለው ሰው ኀዘን እውነተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፍርድ ቤቱ ለምስክርነት ከተጠቀመበት በኋላ ይረሳዋል። ነገር ግን ጠባቂው ነፍሰ ገዳዩን በጥፊ ቢመታው ከጥፊው ለእናቲቱ የሚደርሳት ምንድር ነው? እርሷ አላየችውም፥ አላዘዘችውም፥ ልጇንም አልመለሰላትም። በስሟ የተደረገ ይመስላል እንጂ የጠባቂው የራሱ ንዴት ነው። ለተበዳዩ የሚደርስ ነገር የሚፈልግ በሌላ መንገድ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ። በገደብ የተለቀቁትን የሚከታተል ማርክ ያንትሲ የተባለ ሹም ወጣቶቹ ከተበዳዮቹ ፊት ለፊት እንዲገናኙ ለዳኛው ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛውም ፈቀደ። ልጆቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በር አንኳኩተው ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ ኪሳራውንም ከፈሉ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት በዳይና ተበዳይን የማገናኘት ሥራ መነሻው ይህ ነው ይባላል።

የኛ ሰው ይህን ሲሰማ፥ «ይህማ ሽምግልና ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ደም ያደርቁ ነበር፥ ዛሬም ያደርቃሉ። ይሁን እንጂ ሽምግልና ስንል ልባችን ቶሎ አይሙቅ፤ ባለ ሀብቱ ከድኻው፥ ባል ከሚስቱ ጋር በተጣሉ ጊዜ ሽማግሌው ወደ ማን እንደሚያዘነብል ሁላችንም አይተናል። በዚህ ሥራ የሚሠለጥን ወጣት ድምፁ ያነሰውን ሰው መስማት ካልተማረ፥ የሽማግሌውን ነጠላ ለብሶ የጉልበተኛውን ነገር ያጸናል። ከፈረንጆች ይልቅ ለዋስነት የሚቀርበንን ሰው ልጥቀስ፤ ጆን ኦገስተስ ይባላል፥ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጫማ ሰፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በችሎት ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰካራም ሊፈረድበት ሲል አይቶ ዋስ ሆነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውዬውን አስታጥቦ፥ አልብሶ፥ ከመጠጥ አርቆ ይዞት ቀረበ፤ ዳኛውም አንድ ሣንቲምና ወጪውን ብቻ አስከፍሎ ለቀቀው። ኦገስተስ በዚህ መንገድ በቀረው ዕድሜው ወደ ሁለት ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆኗል። ሥልጠና አልነበረውም፤ ዳሩ ግን የሚዋሰውን ሰው ታሪክ፥ ጠባይና ባልንጀሮች አስቀድሞ ይመረምር ነበር፤ በጭፍን አልተዋሰም።

ከደግነቱም የከበደው መንገድ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ክሪስቶ ብራንድ የተባለ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት በደቡብ አፍሪካ በሮበን ደሴት ጠባቂ ሆኖ ሲላክ፥ የሚጠብቃቸው ሰዎች የአገሩ ክፉ ጠላቶች እንደ ሆኑ ተነግሮት ነበር። ያገኘው ግን ስድሳ ዓመት የሞላቸውን ማንዴላን ነው። ኋላም ማንዴላ የልጅ ልጃቸውን እንዲያቅፉ በድብቅ አድርጎላቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ይህ ክልክል ነበር። ደንብ መጣሱን ለወጣት ጠባቂ ምሳሌ አድርጌ ማቅረብ ያስቸግረኛል፤ ዛሬ ሕፃን ያሳለፈ ነገ ሌላ ነገር ያሳልፋል የሚሉ አለቆች አሉና፥ እነርሱም ሁልጊዜ አልተሳሳቱም። ሆኖም አንድ ልጅ የተነገረውን ትቶ ያየውን ማመኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

የእኅቴ ልጅ ሥልጠናውን ጨርሶ ሥራ ገባ። ለመጀመሪያው ዕረፍቱ ሲመጣ እናቱ በግ አረደችለት፤ ሥራውን ግን አልጠየቀችውም። ከምሳ በኋላ ወደኔ ጠጋ ብሎ፥ «ጋሼ፥ አንድ ነገር ቸግሮኛል» አለኝ። በሚጠብቀው ክፍል ውስጥ አባቱን የሚያህል ሰው አለ። ነባሮቹ ጠባቂዎች፥ «እስረኛ አንቱ አይባልም፤ አንቱ ካልኸው ይንቅሃል፥ ሌሎቹም ይደፍሩሃል» ብለውታል። እርሱ ደግሞ ሽማግሌ ሰው አንተ ብሎ አያውቅም። «ታዲያ ምን ትለዋለህ?» አልሁት። «ምንም አልለውም፤ ‹ሰዓት ደርሷል›፥ ‹ውኃ መጥቷል›፥ ‹በሩ ሊዘጋ ነው› እያልሁ ስሙንም አንተንም አንቱንም ሳልጠራ ሦስት ወር አለፈ» አለኝ። ሁለታችንም ሣቅን። ሦስት ወር ሙሉ ቋንቋችንን እንዲህ ጠምዝዞ መናገር እንዴት እንደ ቻለ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

በሁለተኛው ዕረፍቱ እኔው ጠየቅሁት። አንድ ቀን ጠዋት፥ ባልደረባው አጠገቡ ቆሞ ሳለ፥ ሳያስበው ከአፉ ወጥቶ፥ «ይነሡ፥ ጠያቂ መጥቶልዎታል» አለው። ሽማግሌው ተነሥቶ ነጠላውን ካስተካከለ በኋላ፥ የተጠራው ማን እንደ ሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።